ኪስ ያለው የጥምቀት ቀሚስ

ለሊሴ በንቲ በሕይወቷ ስንት ኪስ እንደሰፋች ብትጠየቅ መልስ የላትም። በቀን አራት መቶ፣ ሥራ ሲበዛ አምስት መቶ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ አሥራ አራት ዓመት። ሒሳቡን መሥራት የፈለገ ይሥራው፤ እሷ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ጀምራው ራሷን ሲያዞራት ተወችው። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የወንድ ሱሪ የኋላ ኪስ ትሰፋለች።

ጨርቁ ተቆርጦና በእስር በእስር ሆኖ ይመጣላታል። ትንሿን መቀስ ታነሳለች፣ ጨርቁን ቀጥ አድርጋ ትሰነጥቀዋለች፣ የኪሱን ከረጢት ከውስጥ ታስገባለች፣ አፉን ትሰፋለች፣ ከዚያ ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ቀጣይዋ ዚፕ ትሰፋለች፣ ከእሷ ወዲያ ያለችው ወገብ። ሱሪው ሙሉ ሱሪ ሆኖ ከመስመሩ ጫፍ ሲወጣ ለሊሴ አታየውም፤ የምትቀመጠው ጀርባዋን ሰጥታ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለሊሴ ኪስ እንጂ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። ሱሪ ይሁን ሸሚዝ፣ የሕፃን ቁምጣም እንኳ ቢሆን፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ከእጇ የወጣ አንድም ልብስ የለም። ይህን የሚያውቁት ባሏ ሲራክና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቷ ዙሌካ ብቻ ናቸው። የማያውቁት ግን ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማቷ ወይዘሮ ንግስት አያውቁም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጣጣውን ያመጣው ሲራክ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እጮኛውን ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቅ ደብረ ሲና ይዟት ሄደ። እናት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «ሙያዋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። የወንድ ልጅ ነገር፣ «ልብስ ሰፊ ናት» አላ! ለሊሴ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከብት ማለብ፣ ጤፍ ማረም፣ ወተት መናጥ ብሎ ቢዘረዝር ማን ከለከለው? እሷም ልታርመው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ወይዘሮ ንግስት ብድግ ብለው ግንባሯን ሳሙትና «እኔ የምፈትለውን የምትሰፋልኝ ምራት ሰጠኝ» አሉ። በእንዲህ ያለ ደስታ ላይ ውሃ የሚቸልስ አንጀት ለሊሴ አልነበራትም፤ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ያ ዝምታ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። ወይዘሮ ንግስት ለዕድርተኛውም ለገበያተኛውም «ምራቴ አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ናት» እያሉ ሲያወሩ ኖሩ። ለሊሴ ደብረ ሲና በሄደች ቁጥር እንዲህ እያሉ ለሰው ሲያስተዋውቋት አንገቷን ትደፋለች። ሰዉም «እንዴት ያለች ትሑት ናት» ይላል። ደግነቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተጠየቀችው ሱሪ ማሳጠርና የተተረተረ መጠገን ብቻ ስለነበር ነገሩ ተሸፋፍኖ ኖረ።

አምና በኅዳር መጨረሻ ግን አንድ ፌስታል ከደብረ ሲና መጣ። በውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ለቀሚስ የሚሆን ፈትል አለ። ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ሲይዙት ክብደት የለውም፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ለሊሴ ገና ዘርግታ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«ለሊሴዬ፣ ደረሰሽ ወይ?»

«ደርሶኛል እማማ። እንዴት ያምራል!»

«ክሩን የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዓይኔን ሞራ እየሸፈነው እንዝርቱን በዳበሳ ነው የጨረስኩት። ከእንግዲህ አልፈትልም ልጄ፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ለሚካል የጥምቀት ቀሚስ አድርጊላት። ለጥምቀት መጥቼ በእጄ ዳስሼ አየዋለሁ።»

«እሺ እማማ» አለች ለሊሴ። እሺታው ከየት እንደወጣ እሷም አታውቅም።

ሲራክ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የጠፋ ፋይል ማግኘት ይችልበታል። ማታ ሲገባ ጨርቁን ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ ሚስቱን ደግሞ ፊት ለፊቱ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ አገኛት።

«ይኼውልህ፣ ልብስ ሰፊ ናት ያልከው መጣልህ» አለችው።

ሲራክ ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ጫማው ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ አልነበረም። «ለምን ጋርመንት አካባቢ ካሉት ሰፊዎች ለአንዱ አንሰጠውም? እሷ እንደሆነች አታይም፤ አንቺ ሰፋሽው እንላለን» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ውሸት አይበቃንም? እማማ ዓይናቸውን ጨርሰውበት እኔ ለሰው ሰጥቼ በራሴ ላስመስግን?»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪያት።»

«አንተ ንገራቸው። ያወራኸው አንተ ነህ።»

ሁለቱም ስልካቸውን አዩት። ሁለቱም አላነሱትም። የአሥራ አንድ ዓመቷ ሚካል ከጓዳ ወጥታ ጨርቁን ጉንጯ ላይ አሻሸችና «ማሚ፣ አንቺ ራስሽ ልትሰፊልኝ ነው?» አለች። ዓይኗ በርቷል። ለሊሴ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን እሺ አለች።

እናም ኪስ ሰፊዋ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ስፌት ተማሪ ሆነች። ዙሌካ ከእናቷ የወረሰቻት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለቻት፤ መጋረጃና የትራስ ልብስ በትእዛዝ ትሰፋባታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ለሊሴ ስትወጣ ዙሌካ በሩን ከፍታ ገና ሳትቀመጥ አስጠነቀቀቻት።

«እኔ የማውቀው አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ መጋረጃው አራት ማዕዘን፣ ትራሱ አራት ማዕዘን። ሰው ግን አራት ማዕዘን አይደለም፣ አንገት አለው፣ ብብት አለው። እዚያ ላይ እኔም ካንቺ አልሻልም።»

ሚካል ከስልክ ላይ ቪዲዮ አገኘች፤ ለሊሴ ደግሞ ለልጇ ያጠረ አንድ አሮጌ ቀሚስ ስፌቱን ተርትራ በየክፍሉ ለያየችው። ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌው ወለሉ ላይ ሲዘረጉ ዙሌካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እንዲህ ነው እንዴ!» አለች። በዚያ ልክ ላይ ትንሽ እያሰፉ፣ አበባ ያለበትን አሮጌ አንሶላ ቆረጡ።

የመጀመሪያው ቀሚስ አንገቱ ጠበበ። ሚካል አናቷን ከታች አስገብታ ወደ ላይ ስትገፋ አፍንጫዋ ላይ ተያዘ፤ «ማሚ፣ ጨለመብኝ» እያለች እጇን አየር ላይ ስታወናጭፍ ዙሌካ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። በመቀስ ነው የወጣችው። ሁለተኛው አንገቱ በጀ፣ ነገር ግን አንዱ እጅጌ ከሌላው በሦስት ጣት ረዘመ። ሚካል ቅር ሳይላት ረጅሙን እያጠፈች ለብሳው ዋለች። ከቁርጥራጩ ሎሚ የሚያክል መርፌ መሰኪያ ሠርታ፣ ጥጥ ሞልታ፣ ለእናቷ ሰጠቻት። የልጅቷ ስፌት ከእናቷ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው ብላ ዙሌካ ብትናገር ማንም አልተቀየማትም።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ለሊሴ ፎቅ ላይ ስለምትሆን ወጥ ቤቱ ለሲራክ ቀረ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ከሽሮና ከምስር የዘለለ ነገር የለበትም፤ እሱ ግን ሽሮዋንም ቢሆን ተቸገረባት። የመጀመሪያው ቀን ጓጎለች። ሚካል በእንጀራ እየፈለጠች «ባቢ፣ ሽሮ ነው ወይስ ቂንጬ?» አለችው። ሰውየው እልህ ያዘውና ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ሽሮ ሲጓጉል ምን ይደረጋል?»

«መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው። የፈላ ላይ ደረቁን ትበትነዋለህ እንዴ? ሚስትህ የት ሄዳ ነው አንተ ወጥ የምትሠራው?»

«እየሰፋች ነው።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ከወዲያ በኩል ግን እናቱ በደስታ ሲመርቁ ሲሰማ ሲራክ ማማሰያውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሲራክ መልካም ሰው ነው፤ ያልተገባው ምርቃት ከበደው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽሮው እየጣመ፣ እሱ ደግሞ እየከሳ ሄደ።

ሦስተኛው ቀሚስ ቀሚስ ሆነ። ከዙሌካ የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ነው፤ ሚካል ለብሳው ከፎቅ ወርዳ ዳቦ ገዝታ ተመለሰች፣ ማንም አልሳቀባትም። ለሊሴ ያን ዕለት «ይቻላል» ብላ አሰበች። ገና አለፈ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ጥምቀት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የደብረ ሲናው ፈትል ወደ ዙሌካ ቤት ወጣ።

ቅዳሜ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሲራክም መጣ፤ «ልያዝላችሁ» አለ፤ የሚይዘው ነገር ግን አልነበረም። ለሊሴ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ አማተበችና ቆረጠች። መቀሱ ፈትሉ ውስጥ ሲገባ ድምፅ አልነበረውም። ፊቱ ወጣ፣ ጀርባው ወጣ፣ እጅጌዎቹ ጥንድ ሆነው ወጡ። ጥለቱ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሁሉም ሲያልቅ ለሊሴ መቀሱን አስቀመጠችና ከአንድ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ተነፈሰች። «እፎይ» አለች ጮክ ብላ። ዙሌካ ሻይ አፈላች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሻዩ ሲጠጣ ጨዋታ መጣ፤ ለሊሴ የፋብሪካውን ሱፐርቫይዘር አካሄድ እያስመሰለች ታስቃቸው ጀመር። ሰውየው በመስመሮቹ መሐል እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ኪስ! ኪስ! ኪስ ዘገየ!» እያለ ይመላለሳል። እያወራች የቀሚሱን ፊት ልታጣጥፍ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። እጇ ትንሿን መቀስ አገኘ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ዓይኗ ዙሌካ ላይ ነው፣ አፏ ሱፐርቫይዘሩ ላይ ነው፣ እጇ ግን አሥራ አራት ዓመት የሠራውን ሠራ። ጨርቁን አጠፍ፣ በአውራ ጣት ጫን፣ ቀጥ አድርጎ ስንጥቅ።

ሳቁ አላለቀም ነበር። ለሊሴ ጎንበስ ስትል ከጥለቱ በስተቀኝ፣ ዳሌ በሚያርፍበት ላይ፣ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ አየች።

ዙሌካ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሲራክ «ምን ሆነ?» አለና ጎንበስ ብሎ አየ። ሚካል እናቷን እንጂ ጨርቁን አላየችም፤ እናቷ እንዲህ ያለ ፊት ኖሯት አያውቅም።

«በጥለት ቁራጭ እንለጥፍበት» አለች ዙሌካ።

«እማዬ እንደሆነች ዓይኗ…» ብሎ ጀመረ ሲራክ።

«ጣታቸው ያያል» አለች ለሊሴ። «ክሩን በጣታቸው ነው የፈተሉት። የተለጠፈበትን አያገኙትም ብለህ ነው?» ከዚያ ጨርቁን እንዳለ ጉልበቷ ላይ ትታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለጨርቁ ብቻ አልነበረም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቷን የደፋችበት ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣባት።

እሁድ ጠዋት መካኒሳ አቦ ሄደች። እንደ ሌላ ጊዜ ብዙ አልለመነችም። «አቡዬ፣ ልብስ ሰፊ አድርገኝ አልልህም፤ እሱ አልፏል። የሆንኩትን ለመናገር ድፍረት ስጠኝ» አለችና ግንቡን ሳመች። ስትመለስ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ዙሌካ ወጣች።

ጨርቁ እንደተተወ አለ። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ ይህን ጊዜ ከእንባ ውጭ በሆነ ዓይን፣ በሥራ ዓይን አየችው። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው። የክሩን መስመር ይዞ ነው የሄደው፤ ወዲያም ወዲህም አላዘመመም። ከፍታው የሚካል እጅ ዘና ብሎ የሚያርፍበት ላይ ነው። ያለ ምልክት፣ ያለ ሜትር፣ እያወራች፣ ዓይኗ ሌላ ላይ ሆኖ። ከአንድ ወር ወዲህ ከቆረጠችው ነገር ሁሉ ያልተንቀጠቀጠችበት ይኸው ስንጥቅ ብቻ ነው።

«ዙሌ፣ ኪስ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ይኼ። ኪስ ነው፤ ሌላ ነገር እኮ አይደለም። ኪስ ነው የቆረጥኩት።»

ዙሌካ ጨርቁን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። «በሐበሻ ቀሚስ ላይ?»

«በሐበሻ ቀሚስ ላይ።»

ግን ኪስ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ስሕተት መሆኑ ያስታውቃል። ሁለት መሆን አለበት። ያ ማለት ደህናውን ጎን፣ ምንም ያልሆነውን፣ ወይዘሮ ንግስት በዳበሳ የፈተሉትን፣ አውቃ መሰንጠቅ አለባት። ለሊሴ መቀሱን አንሥታ ብዙ ጊዜ ያዘችው። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ዙሌካ አዞረችና «እስቲ አዋሪኝ» አለቻት።

«ምን ላውራሽ?»

«የፈለግሽውን። የመጋረጃ ደንበኞችሽን ሐሜት።»

ዙሌካ የገባት ሴት ናት። ሦስተኛ ፎቅ ስላለችውና መጋረጃ አሰፍታ «ፀሐይ ያስገባል» ብላ ስለመለሰችው ሴትዮ ማውራት ጀመረች። ለሊሴ «መጋረጃ አይደል እንዴ፣ ትንሽ ያስገባል» አለች፤ መቀሱ አለፈ። ስታየው ሁለተኛው ስንጥቅ የመጀመሪያው መንታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም፤ ኪስ ላይ ለሊሴን የሚያክል የለም። ፈትል ሲቆረጥ ጫፉ ይበተናልና የኪሶቹን አፍ መጀመሪያ በእጅ መርፌ ዘመዘመችው፤ ከተረፈው ቁራጭ ከረጢት ሠርታ ከውስጥ አስገባች። የቀረውን ቀሚስ አምስት ማታ እየተጠነቀቀች ጨረሰችው። ብብቱ አንድ ቦታ ላይ ጨምደድ ብሏል፤ ተርትራ መልሳ ብትሰፋውም ጨምደድ አለ። ተወችው።

የሚያስፈራው ገና ነው። ወይዘሮ ንግስት የከተራ ዋዜማ ገቡ። ሲራክ ከላምበረት መናኸሪያ ተቀብሎ፣ ደረጃውን ደግፎ አወጣቸው። ቆሎና በሶ የሞላ ቦርሳቸውን ለማንም አላስያዙም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ውሃ እንደጠጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ቀሚሱ የታል?» ነበር።

«ለብሼዋለሁ እማማ» አለች ሚካል ፊታቸው ቆማ።

«ቅረቢ እስቲ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ከአንገቱ ጀመሩ። ጣቶቻቸው በትከሻዋ ላይ ወረዱ፣ እጅጌውን ይዘው እስከ ጫፉ ሄዱ፣ የተጨመደደው ብብት ላይ አፍታ ቆሙና አለፉ። ለሊሴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን በፎጣ እየጠረገች ቆማለች፤ እጇ ከደረቀ ቆይቷል። ሲራክ ከኋላዋ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ጣቶቹ ወገቡን አለፉ፣ ወደ ዳሌው ወረዱ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ቀሚሱ ውስጥ ገባ።

ግራ እጃቸውም በግራው በኩል ፈልጎ ገባ። እንዲህ ሆነው ሁለት እጃቸውን በልጅ ልጃቸው ኪስ ከትተው ቆዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ለሊሴ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «ኪስ ነው እማማ። በስሕተት ነው የቀደድኩት። አንዱን በስሕተት፣ አንዱን አውቄ። እማማ፣ እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ብቻ ነው የምሰፋው፤ ሌላ አላውቅም። ይኼ በሕይወቴ ለሰው ልብስ ብዬ የሰፋሁት የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፣ ደስ ሲልዎ አሳዘኑኝና ዝም አልኩ።»

«ያልኩት እኔ ነኝ እማዬ» አለ ሲራክ ከበሩ ላይ። «እሷ አላለችም።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከኪሶቹ አወጡ። ለሊሴ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

«አንቺ፣ ይኼን ጨርቅ ማን የሠራው ይመስልሻል?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«እኔ ፈተልኩ። የሸመነው ሸማኔው ነው። ደብረ ሲና ሰው ሁሉ ‘የንግስት ሸማ፣ የንግስት ሸማ’ ሲል ሃምሳ ዓመት ሰማሁ። አንድ ቀን ‘ኧረ እኔ ክር ብቻ ነው’ ብዬ አላውቅም። ሸማኔው ቤት ሄጄ አንዴ ልሞክር ብዬ የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ክሩን ሁሉ አወሳስቤበት ሰውየው ለመሳደብ እየፈለገ አፍሮኝ ነበር።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሊሴ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ አሮጊቷ ግን እየሳቁ ነበር። «እኔ ክር፣ አንቺ ኪስ። ምራት ሰጠኝ ያልኩት ለዚህ ኖሯል።»

ሲራክ ሶፋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። ለሊሴ አፏን በእጇ ይዛ ሳቅና ለቅሶ ተምታታባት። ከእፎይታው ብዛት ወጥ ቤት የተጣደው ጎመን እስኪያር ድረስ ማንም አላስታወሰውም።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ ንግስት የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር። ጣታቸው የፈትልን ያህል ቋጠሮ አይታዘዝላቸውም። ውስጡ የቤት ቁልፍ፣ የዓይን ጠብታና የተጣጠፈ መሐረብ አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩትን ሁሉ እዚህ ቋጥሬ ኖርኩ። አሁን ሲቋጠር እንጂ ሲፈታ አይታየኝም። ጠብታውን ስንት ጊዜ ጣልኩት። ኪስ ያለው ቀሚስ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም።» እጃቸውን ዘርግተው የምራታቸውን ጭንቅላት ፈልገው አገኙት። «የጥምቀት ቀሚሴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ነገ ታቦት ከመውጣቱ በፊት ትደርሺበታለሽ?»

«ሁለት ኪስ ነው? ሻይዎን ሳይጨርሱ» አለች ለሊሴ።

ይህን ያለችው ሳታስብ ነው፤ በሕይወቷ ስለ ሥራዋ ስትኩራራ የተሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሲራክ ሻዩን ቀዳ፣ ዙሌካ ተጠርታ መጣች፣ ለሊሴ ቀሚሱን ይዛ ፎቅ ወጣች። ስትመለስ ሻዩ ገና ይተን ነበር ባይባልም አልቀዘቀዘም።

ለጥምቀት መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የሚካል ቀሚስ ተበጣጥሶም ለጥምቀት ደረሰ። እሷ ሁለት እጇን ኪሷ ከትታ፣ የአያቷን ቆሎ እያወጣች ለጓደኞቿ ታድላለች። ልጃገረዶቹ ቆሎውን ትተው ኪሱን ያያሉ፤ «ከየት ነው የተገዛው?» ይላሉ። አያቷ አጠገቧ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ምራታቸውን ይዟል፣ አንዱ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

አንዲት የጀሞ ሴትዮ ጠጋ ብላ የልጅቷን ቀሚስ ጥለት በጣቷ ነካች። «የት አሰፋችሁት እናቴ? ሰፊው ማን ነው?»

ለሊሴ ከልማድ አንገቷን ልትደፋ ጀመረች።

«ይቺ ናት፣ ምራቴ» አሉ ወይዘሮ ንግስት። «ልብስ ሰፊ እንዳይመስልሽ፤ ኪስ ሰፊ ናት። አሥራ አራት ዓመት ኪስ ብቻ። ቀሚሱ መጀመሪያዋ ነው፣ ብብቱ ጨምደድ ይላል፤ ኪሱን ግን እጅሽን ከተሽ እይው።»

ሴትዮዋ በሚካል ፈቃድ እጇን ከተተች። «ውይ» አለች።

ለሊሴ ቀና አለች። «አዎ፣ ኪስ ነው የምሰፋው» አለች ለሴትዮዋ፣ ቀጥ ብላ ዓይኗን እያየች። «ጀሞ ነው ቤቴ። ቀሚስሽን ካመጣሽልኝ ላንቺም እሠራልሻለሁ።»